ፊውዝ የሌለው ቀይ ሽቦ

ነገር ከመሰበሩ በፊት ይታያታል ይሏታል። እሷ ግን "ጎንበስ ብሎ ያየ ሁሉ ይታየዋል" ትላለች። ልጅ ሳለች አንድ ቀን እናቷ ለእንግዳ ወንበር ስትስብ፣ "እማዬ፣ እሱ ወንበር ይሰበራል" አለች። እንግዳው ተቀመጠ፣ ወንበሩ ተሰበረ፣ ሰውዬውም በጀርባው ተዘረጋ። የወንበሩ እግር ላይ ያለው ምስማር ተነቃንቆ መውጣቱን ከእሷ በቀር ያየ ስላልነበረ ወንበሩን የሰበረው አፏ ነው ተባለ። ያኔ አፉን ገና እየፈታ የነበረው ታናሽ ወንድሟ ከትልልቆቹ ሰምቶ "ሟርቴ! ሟርቴ!" እያለ ይከተላት ጀመር። ስሙም በዚያው ጸና።

የባሰው የመጣው በአባቷ ነው። አንድ ማለዳ ፊቱን ሲታጠብ አየችውና "አባዬን ሐኪም ይየው፣ ከንፈሩ ጠቁሯል" አለች። እናቷ "ምን ነካሽ፣ በጤነኛ ሰው ላይ!" ብላ ተቆጣቻት። አባቷ ወሩ ሳያልቅ ሞተ። ለለቀስተኛው ሁሉ የገደለው ልቡ እንደነበረ ተነገረው። እናቷ ግን ከዚያ ወዲህ ልጇ ለመናገር አፏን በከፈተች ቁጥር ትንሽ ሽምቅቅ ትላለች።

ስታድግ ያው ዓይኗ መተዳደሪያ ሆናት። ቴክኒክ ተማረች፣ ሬዲዮ መገጣጠሚያ ፋብሪካ ተቀጥራ እስኪዘጋ ድረስ ሠራች። በኋላም በጎሚስታው ቤትና በመኪና እጥበቱ መሃል የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ተከራየች። የመኪና ቴፕ፣ ስፒከር፣ አምፕሊፋየር ትጠግናለች። በግራ በኩል ጎሚስታው ጎማ ሲነፋ ኮምፕሬሰሩ ይንጣጣል፣ በቀኝ በኩል የሳሙና ውሃ ደፏን እየታከከ ይወርዳል። አግብታም ነበር። ባሏ "ካንቺ ጋር መኖር ምርመራ ክፍል ውስጥ እንደ መተኛት ነው" ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ይህን ራሷ ናት ለደንበኞቿ እየሳቀች የምታወራው፤ ሳቁ ግን ከጥርሷ አያልፍም።

ወንድሟ ሚኒባስ ይነዳል። ከእናታቸው ጋር ነው የሚኖረው፣ የእናታቸው ዓይን ማረፊያ እሱ ነው። ደግ ነው፣ ጨዋታ አዋቂ ነው፣ ሙዚቃ ከሌለ ግን መሪ አይጨብጥም። መኪናው ከመታየቱ በፊት የሙዚቃው ባስ፣ ያ ወፍራም ድምፅ፣ ይደርሳል። የሱቆች መስታወት ሲንቀጠቀጥ ሰው "መጣ" ይላል። ወጣት ተሳፋሪ የእሱን መኪና ለመያዝ ሌላውን ያሳልፍ ነበር።

አንድ ጠዋት አምፕሊፋየሩን ታቅፎ መጣና ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠው።

"እትዬ፣ ደግሞ ሞተችብኝ።"

"አሁንም?"

"ትናንት እየዘፈነች እያለ ቀይ መብራቷን አበራችና ዝም። ያው እንደ ልማድሽ ነፍስ ዝሪባት። ማታ መጥቼ እወስዳታለሁ።"

መልሷን ሳይጠብቅ እየዘፈነ ወጣ።

ስትከፍተው የምታውቀው ሽታ አፍንጫዋን መታው። የተቃጠለ አምፕሊፋየር ሽታ ከሌላ ነገር ጋር አይምታታም፤ መራራ ነው፣ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሁልጊዜ እንደምታደርገው ከባትሪ ጋር በቀጥታ አላገናኘችውም። በባትሪውና በዕቃው መሃል አንድ የመኪና የፊት መብራት አምፖል ታስገባለች። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከጠፋ ዕቃው ደህና ነው፤ ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጡ ሾርት አለ። አምፖሉ ቦግ አለና ቀረ።

ቴስተሩን ይዛ አንድ በአንድ ለካች። የተቃጠሉት ከባትሪው የሚመጣውን ኃይል የሚቀበሉት ትራንዚስተሮች ናቸው። ባለፈው የተቃጠሉትም እነሱ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትም እነሱው። ሰው ሁልጊዜ አንድ እግሩን ብቻ ከተሰበረ እግሩን ትቶ የሚሄድበትን መንገድ ማየት ነው። ቢሆንም በካውያዋ የሞቱትን ነቀለች፣ አዲስ በየደች፣ የላሉትን ብየዳዎች አጠበቀች። መልሳ በአምፖሉ ስትሞክረው ብልጭ ብሎ ጠፋ። ትንሿን ስፒከር አገናኝታ ሙዚቃ ለቀቀችበት፤ ጥርት ብሎ ዘፈነ።

ልትዘጋው ስትል ከመያዣው ላይ የቀረች ቁራጭ ቀይ ሽቦ አየች። ወንድሟ ዕቃውን ሲነቅል ብሎን መፍታት ሰልችቶት በፒንሳ ቆርጦት ነበር። ቁራጯን አንስታ አጠፈቻት። ላስቲኩ እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰነጠቀ፣ ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሯል። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የሚሆን ውፍረትም የለውም። አንድ ቀን የጋለ ሽቦ እንዲህ አይሆንም። ይህ ሽቦ ሲግልና ሲበርድ፣ ሲግልና ሲበርድ ብዙ ቆይቷል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችውና እጇን በጨርቅ ጠረገች።

ወንድሟ አመሻሹ ላይ መኪናውን ዋናው መንገድ ዳር አቁሞ በእግሩ መጣ።

"ተነሣች?"

"ተነሥታለች። መኪናውን ግን አስገባው፣ ልየው።"

"መኪናው ደግሞ ምን አደረገሽ?"

"ይቺን የሚገድላት መኪናህ ነው። ይህን ሽቦ እየው እስቲ።" ቁራጯን አሳየችው። "በየት ነው የዘረጋኸው?"

"ያው ከባትሪው ተነሥቶ በምንጣፉ ስር፣ በወንበሮቹ ስር አልፎ ወደ ኋላ ነው። በየት እንዲሄድልሽ ነው? በሰማይ?"

"ፊውዝ አለው?"

"አለው... ነበረው። ቶሎ ቶሎ እየተቃጠለ ሲያስቸግረኝ አስተካከልኩት።"

"እንዴት አድርገህ?"

"አስተካከልኩት አልኩሽ እኮ!"

"ስማኝ፤ ፊውዝ የሚቃጠለው አንተ እንዳትቃጠል ብሎ ነው። የሆነ ቦታ ሽቦው ተልጦ ብረት እየነካ ነው። ሰው የምታሳፍርበት መኪና ነው፤ ከወለሉ ስር ደግሞ ነዳጅ ነው ያለው።"

ወንድሟ ወደ ጣራው ቀና ብሎ ሳቀ። "ጀመራት! እናንተ፣ ሟርቴ ዛሬ ደግሞ መኪናዬን ልታቃጥለው ነው!" ብሎ ጎሚስታው እንዲሰማ ጮኸ። ጎሚስታው ከጎማው ላይ ቀና አላለም።

እሷ አምፕሊፋየሩን አንስታ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። "መኪናውን እስክታመጣልኝ ድረስ ይቺ ከዚህ አትወጣም።"

"ትቀልጃለሽ?"

"አልቀልድም።"

ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። ታላቅ እህቱ ናትና እጁን አላነሳም፤ በሩን ግን እንዲህ አድርጎ ሲያላጋው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት ሽቦዎች ሁሉ ተወዛወዙ።

በማግስቱ እናቷ ደወለች። "የልጁን ዕቃ ለምን ያዝሽበት? ያለ ሙዚቃ ማን ይገባለታል? ተሳፋሪው ሁሉ ሸሸው አለኝ።"

"እማዬ፣ እንዲያመጣው ንገሪው። መኪናው እሳት ይነሳበታል።"

እናቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ጎረቤት እንዳይሰማባት እንደምትፈራ ሰው፣ "የሰይጣን ጆሮ ይደፈን" አለች። "አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ። አባትሽን ቀብሬያለሁ። እሱን እንኳ ተይልኝ።"

"እማዬ፣ እኔ እኮ..."

ስልኩ ተዘግቷል።

ይህ ነገር እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ቢሆንም መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ቀና ብላ ባየች ቁጥር ቀለል ይላታል። ቢያኮርፍ ያኩርፍ፣ አምፕሊፋየሩ ከሌለ ሽቦው የሚሸከመው ነገር የለም፣ የማይሸከም ሽቦ ደግሞ አይግልም። እንዲህ እያለች ሥራዋን ቀጠለች። ወንድሟ በሰፈሩ ሲያልፍ መኪናው ባዶ ድምፅ ይዞ ሲሄድ ትሰማና "ይሻላል" ትላለች።

ጎሚስታው አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የስልክ ቻርጀሩን ሊያሠራ ገባ። ንግግር የማያበዛ፣ እጁ ሁልጊዜ ጥቁር የሆነ ሰው ነው። ቻርጀሩን እየሰጣት እንደ ዋዛ፣ "ወንድምሽ ጠዋት ጎማ ሊያስነፋ መጥቶ ነበር። አሁንም አኩርፎሻል መሰለኝ፣ ወደዚህ ዞርም አላለ" አላት።

"ይለቀዋል።"

"የኋላ ጎማውን ስነፋ ረዳቱ መኪናውን ይጠርግ ነበር። ያቺ ቀይ ሽቦሽ ከኋላ ወንበር ስር ተኝታለች። ጫፏን በፌስታል ጠቅልለዋታል። 'ምንድን ነው?' ብለው 'ሙዚቃው ሲመለስ መልሰን እንቀጥላታለን' አለኝ።"

ቻርጀሩ ከእጇ ወደቀ።

"ሌላኛው ጫፍ? ከባትሪው ላይ ነቅለውታል?"

"እኔ ምን አውቄ? እኔ የማውቀው ጎማ ነው።"

እንዴት አላሰበችውም? አምፕሊፋየሩን መያዟ ምንም አልፈየደም። ሽቦው ከባትሪው እንደተያያዘ፣ ፊውዝ ሳይኖረው፣ በየሄደበት የተሳፋሪ እግር ስር ተዘርግቷል። የተላጠው ቦታ ብረት በነካ ሰዓት የባትሪው ኃይል በሙሉ በእሱ ውስጥ ያልፋል፤ ማንም የሚያቋርጠው የለም። እሷ እፎይ ስትል የሰነበተችው በከንቱ ነበር።

ደወለችለት። ጠርቶ ጠርቶ ተቋረጠ። ደግማ ደወለች፤ ዘጋባት። ለእናቷ ልትደውል ብላ ተወችው። ቴስተርና ፒንሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሱቋን ለጎሚስታው አደራ ብላ ወደ ታክሲ ተራው ሮጠች።

ሚኒባሱን ሊሞላ ሲል ደረሰችበት። ወንድሟ መሪው ላይ ተደግፎ ነበር። አያትና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

"ውረድና ሁለት ደቂቃ ላናግርህ።"

"ሥራ ላይ ነኝ።"

"የእናቴ ልጅ፣ ለምኜህ ነው። ባትሪው ላይ ያለውን ቀዩን ሽቦ ብቻ ልንቀለው። ሌላ ምንም አልነካም።"

"ተሳፋሪ ፊት ሟርትሽን አታምጪብኝ" አለ በጥርሱ መሃል። "መሄድ ከፈለግሽ ግቢ። ካልፈለግሽ ከመንገዴ ዞር በይ።"

ገባች። ምን ታድርግ? የቀረው የመጨረሻው ወንበር ብቻ ነበር። አንድ ሽማግሌ ትልቅ ጥቅል በጭናቸው ይዘው ተቀምጠዋል፤ ከእሳቸው ጎን ተሸጎጠች። ረዳቱ መተላለፊያውን በተጣጣፊዎቹ ወንበሮች ዘጋው፣ ሰው ጫነባቸው፣ በሩን ገፋውና ተንቀሳቀሱ።

እሷ ወዲያው ጎንበስ አለች። ሽማግሌው እግራቸውን ሰበሰቡላት። "ምን ወደቀብሽ፣ ልጄ?"

"ምንም አይደል አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።"

በዳበሳ ፌስታሉን አገኘችው። ደህና አድርገው ጠቅልለውታል፤ ምንም አይነካም። ትንፋሿ መለስ አለ። ከዚያ ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች ወደ ፊት ሄደች። ከምንጣፉ ስር ገባ። ምንጣፉን ገለጥ አድርጋ ያዘችው።

ሞቋል።

ምንም የማያሠራ ሽቦ ሊሞቅ አይገባም ነበር። መኪናው አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ወንበሮቹ ሁሉ ተንቋቁ፤ በእጇ ያለው ሽቦ ከመሞቅ አልፎ አቃጠላት። ለቀቀችው።

"አቁም!" ብላ ጮኸች። "አቁመው! ሽቦው ተያይዟል!"

ተሳፋሪዎቹ ዘወር ዘወር አሉ። አንዱ "ሴትዮዋ ምን ሆናለች?" አለ። ወንድሟ በመስታወቱ አያት፤ ዓይኑ ውስጥ ንዴት እንጂ ሌላ አልነበረም። እጁን ሰዶ የመኪናውን ሬዲዮ ከፍ አደረገው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

አንዲት ተሳፋሪ "ኧረ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል" አለች።

"ከውጭ ነው፤ ቆሻሻ እያቃጠሉ ነው" አላት ጎኗ ያለው ሰው።

ያኔ ሬዲዮው ተንተባተበ። ዘፋኙ መሃል ላይ ድምፁ ወፍሮ፣ ተጎትቶ፣ እንደሚሰምጥ ሰው ሆነና ጠፋ። የዳሽቦርዱ መብራት ደከመ። ወንድሟ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሬዲዮውን አየ፤ በእጁ መታ አደረገው። ከዚያ በበሩ አጠገብ ካለው ወንበር እግር ስር ጭስ መጣ። መጀመሪያ ቀጭን ነበር፤ ምንጣፉ ሲያያዝ ግን ጥቁር ሆኖ እንደ ቡጢ ወደ ላይ ወጣ።

ፍሬኑ ጮኸ። ረዳቱ በሩን በርግዶ ዘለለ፤ ከፊት ያለው ተሳፋሪ ሁሉ እግሬ አውጪኝ አለ። የወንበሩ ስፖንጅ ተያያዘ። ከኋላ ያሉት ሲገፉ አንደኛው ተጣጣፊ ወንበር ተጣምሞ መተላለፊያውን ዘጋው። በላዩ ላይ እየተረማመዱ ወጡ፤ የመጨረሻው ሰው ሲዘል ነበልባሉ በሩን ያዘው። እሷና ሽማግሌው ከኋላ ቀሩ።

ሽማግሌው አልጮሁም። ጥቅላቸውን እንዳቀፉ "ልጄ፣ አንቺ ዝለይ" ብቻ አሏት። እሷ የሹራቧን እጅጌ አፋቸው ላይ አደረገችላቸው። ጭሱ ዓይኗን አሳወራት። የኋላው በር ከውስጥ አይከፈትም፤ ቁልፉ መሪው ላይ ነው። መስታወቱን በክርኗ መታችው፤ አልተበገረም።

በዚያ ጭስ ውስጥ የወንድሟን ፊት በመስታወቱ ማዶ አየችው። ወደ ጋቢናው ተመልሶ ቁልፉን ነቅሎ ዞሮ መጥቷል። የኋላው በር ብድግ ሲል አየሩ እንደ ውሃ ገባ። ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ ጎተተ፤ እሷ ከኋላ ገፋች፤ ሁለቱም አስፋልቱ ላይ ወደቁ።

"ባትሪውን!" አለች ገና መሬት ላይ ሳለች። "ሽቦው አሁንም እየጋለ ነው! ቀዩን ከባትሪው ንቀለው፣ ነዳጁ ከመያዙ በፊት!"

አልተከራከራትም። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እሷ የተናገረችውን ሳይመልስ፣ ሳይስቅ ፈጸመው። የጋቢናውን ወንበር ገልብጦ በባዶ እጁ ሽቦውን ጨበጠው።

ከዚያ በኋላ የሰማችውን ድምፅ ለማንም አታወራም። ሽቦው ተነቀለ። የመዳፉ ቆዳም አብሮት ሄደ። ሮጣ ስትደርስ ተንበርክኮ እጁን በሌላው እጁ ይዞ ነበር። ፒንሳው፣ ላስቲክ እጀታ ያለው ፒንሳዋ፣ ትከሻዋ ላይ በተንጠለጠለው ቦርሳ ውስጥ መሆኑ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው።

የመንገዱ ሰው አሸዋ አመጣ፣ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር እሳት ማጥፊያውን ይዞ ደረሰ። ነዳጁ አልያዘም። ወንበሮቹ እስከ ብረታቸው ነደዱ።

ሆስፒታል እናታቸው ስትደርስ ልጇ እጁ እንደ ሕፃን ተጠቅልሎ ነበር። እናትየው አጠገቡ ሆና አላለቀሰችም። ወደ ሴት ልጇ ዞረች። "ደስ አለሽ? ያልሽው ሆነልሽ? በአፍሽ አቃጠልሽው፣ አልበቃ ሲልሽ በእጅህ ጨብጥ ብለሽ አዘዝሽው!"

የመጀመሪያው ሐሰት ነው፤ ሁለተኛው ግን እውነት ነው፣ አዝዛዋለች።

"እማዬ፣ ተያት" አለ ወንድሟ ከአልጋው። ድምፁ ከጭሱ የተነሳ ሻክሯል። "ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት እየጠቀለልኩ እመልሰው ነበር። አንዴ አይደለም። ስትጠይቀኝም ደብቄያታለሁ።" ቀጥሎም "እኚያ ሽማግሌ ቢሞቱ ኖሮ የገደልኳቸው እኔ ነበርኩ" አለ።

እናቱ ሰማችው። ስለ ፊውዝም ስለ ብርማ ወረቀትም ግን ምንም አልገባት፣ እንዲገባትም አልፈለገች። እሷ የያዘችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጅቷ ይቃጠላል አለች፣ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ልጇን መቆጣት ጭራሹን ተወች። መፍራት ጀመረች። ልትጠይቃት ስትመጣ ከደፉ ሳታልፍ "ስለ እኔ ምንም እንዳትናገሪ፣ እሺ?" ትላለች። ሲተያዩ ፊቷን በነጠላዋ ትጋርዳለች፣ የከንፈሯ ቀለም እንዳይታይባት። ልጅቱን ከቃጠሎው ይልቅ አንጀቷን የበላት ይህ ነው። የእናቷ እግር ማበጡን አይታለች። ሐኪም ይይሽ ልትል አፏ ድረስ መጥቶላት ስንት ጊዜ ዋጠችው! በመጨረሻ ወንድሟ እንዲናገርላት አደረገች፤ ከእሱ አፍ ሲሆን እናትየው ሄደች።

የወንድሟ እጅ ዳነ፤ ሁለቱ ጣቶቹ ግን ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ፤ መሪ አይጨብጡም። የመኪናውን አጽም ሸጠና ታክሲ ተራው ላይ ተራ አስከባሪ ሆነ። አንድ ቀን ወደ ሱቋ መጥቶ ቀና ብሎ መደርደሪያውን አየ።

"ትሠራለች?"

አውርዳ ከትንሿ ስፒከር ጋር አገናኘችለት። ቆሞ ጥቂት አዳመጠ። ከዚያ ራሱ አጠፋውና "ፍቺያት፤ ዕቃ ዕቃዋን ለሌላ አድርጊው" ብሏት ወጣ። ፈታችው።

ከዚያ ወዲህ ሹፌሮችን እየላከ አስቸገራት። አንድ ቅዳሜ አንድ ጎረምሳ ሹፌር አኩርፎ መጣ። "ያ ወንድምሽ ካላሳየሃት ተራ አላስገባህም አለኝ። ቶሎ እይውና ልቀቂኝ።"

ከመኪናው አምፕሊፋየር ተነሥታ ሽቦውን ወደ ፊት ተከተለችው። ምንጣፉን ስትገልጥ ቀዩ ሽቦ በወንበሩ እግር ተደፍጥጦ፣ ላስቲኩ አይጥ እንዳኘከው ሆኖ አገኘችው። ባትሪው ጋ ፊውዝ የሚባል ነገር የለም። ሽቦውን ከባትሪው ላይ ፈታችው።

"ሙዚቃውስ?"

"ሰኞ ና። ወፍራም ሽቦ ዘርግቼ፣ ፊውዙን አስገብቼ እመልስልሃለሁ።"

"ሰኞ? በቅዳሜ ገበያ ያለ ሙዚቃ ልሥራ?"

"ሰው አልቆብህ ከምትሠራ ያለ ሙዚቃ ሥራ።"

"አሁን ይሄ ምን የሚሉት አነጋገር ነው?" ብሎ በሩን ዘግቶ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ካውያዋን ይዛ ተቀምጣ ሳለ መደርደሪያው ላይ ያለው የብሎን ጣሳ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ባስ ነው። ወደ በሩ ወጣች። የጠዋቱ ጎረምሳ ሚኒባስ ነው፤ ሽቦውን ራሱ ወይም ሌላ ሰው መልሶለታል። መስኮቱ ሁሉ ጭንቅላት በጭንቅላት ነው፣ ኋላ ወንበር ላይ አንዲት ሴት ሕፃን አቅፋለች። ሹፌሩ አይቷት ጥሩምባውን ነፍቶላት አለፈ።

ለወንድሟ ደወለች። "ያ ጠዋት የላክኸው ልጅ መልሶ ቀጥሎታል። ሞልቶ ወዳንተ እየመጣ ነው።"

"እሺ" አለ። ስልኩን አልዘጋውም።

ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ቆማ ቀረች። የተራው ጫጫታ ይሰማታል፤ የረዳቶች ጩኸት፣ የጥሩምባ ድምፅ። ከዚያ ባሱ ከሩቅ መጣ፣ ቀረበ፣ ስልኩ እስኪንጣጣ ድረስ ከፍ አለ። የወንድሟ ድምፅ በላዩ ላይ ወጣ። "አጥፋው! ሞተሩን አጥፋው አልኩህ! ውረዱ፣ ሁላችሁም ውረዱ!"

ሙዚቃው ቆመ። በሩ ሲንሸራተት፣ ተሳፋሪው አንድ በአንድ እየወረደ ወንድሟን ሲራገም ሰማች።